ያልከፈትኳት የወርቅ ሣጥን

ሰሞኑን የሠፈሬን መንገድ አስፋልት ሊያለብሱ መጥተው ነበር። ሳን ሆዜ ውስጥ የምኖርባት መንገድ አጭር ናት፤ አንዱ ጫፍ ላይ ያስነጠሰ ሰው ከሌላው ጫፍ "ይማርህ" ይባላል። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱት ሠራተኞች ዝፍቱን አፍልተው ማፍሰስ ሲጀምሩ ጎረቤቶቼ በሙሉ መስኮታቸውን ጥርቅም አድርገው ዘጉ። እኔ የኔን ወለል አድርጌ ከፈትኩና ወንበር ስቤ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ልጄ ሣራ መጥታ ስታየኝ አፍንጫዋን ይዛ ጮኸች።

"ማም፣ ኢትስ ቶክሲክ! ክሎዝ ዘ ዊንዶው!"

"አልዘጋም። እያሸተትኩ ነው" አልኳት።

ሣራ የምናገረውን አማርኛ አንድም ሳይቀር ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ወደ ውስጥ ገባች። እርጅና ነው ብላ ይሆናል። አይደለም። የትኩስ ዝፍት ሽታ ለሌላው ሰው የመንገድ ሽታ ነው፤ ለኔ የወርቅ ሥራ ሽታ ነው። በዕድሜዬ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የምኮራበትን፣ ሰው ሁሉ "አበደች" ያለኝን፣ ከእንጀራዬ ያፈናቀለኝን ሥራ የሠራሁት ይህ ሽታ ባለበት ክፍል ውስጥ ነው። ዛሬ እሱን ልናገር ነው። ይቅርታ ልጠይቅ ግን አይደለም።

ዘመኑ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ነው። ዓመቱን ለይቼ እንድነግራችሁ አትጠብቁ፤ ለዓመተ ምሕረት ጭንቅላት የለኝም። የቆምኩበትን ጥግ፣ የለበስኩትን ልብስና የበላሁትን ምግብ ግን ጠይቁኝ። የምሠራው ኦክላንድ ቻይናታውን ውስጥ፣ ከዳውንታውን ትንሽ ወረድ ብሎ፣ የተጠበሰ ዳክዬ በአንገቱ እየተንጠለጠለ በሚሸጥበት ቤትና በአንድ ቪዲዮ አከራይ መካከል በተሸጎጠች ጠባብ ሱቅ ነበር። በሯ ላይ ስም የለም። ባለቤቱ ሚስተር ዎንግ "የሚፈልገኝ ያውቀኛል" ይሉ ነበር። የቆየ የነሐስ፣ የብርና የወርቅ ዕቃ ከጨረታ ቤትም፣ ከሀብታም ሳሎንም እየመጣ እሳቸው ዘንድ ይጠገናል። የታጠፈው ይቃናል፣ የተሰነጠቀው ይገጠማል፣ የተላጠው ይለበጣል። ዛሬ ያ ቦታ የሞባይል መሸጫ ሆኗል፤ ባለፈው በዚያ ሳልፍ በመስታወቱ ውስጥ አጮልቄ ዝፍት የምናፈላበት ጥግ ላይ የስልክ ልባስ ተደርድሮ አየሁ። ምን ይደረጋል።

እዚያ እንዴት እንደገባሁ ልንገራችሁ። እኔ በንጉሡ ጊዜ ስኮላርሺፕ አግኝቼ ኬሚስትሪ ልማር መጥቼ፣ አገር ቤት ነገር ሲለዋወጥ እዚሁ የቀረሁ ነኝ። ዲግሪዬን ይዤ የገባሁት ሳን ሆዜ አንድ የቺፕ ፋብሪካ ነው። ከላይ እስከ ታች ነጭ ተጀቡኜ፣ ዓይኔ ብቻ እየታየ፣ የቺፕ እግር በወርቅ ስለብጥ እውላለሁ። ፋብሪካው ሌይኦፍ አድርጎ ሲበትነን ወርቅ መለበጥ የሚያውቅ ሰው እንደሚፈለግ ጋዜጣ ላይ አነበብኩና ሄድኩ። ሚስተር ዎንግ ዲግሪዬን ገፋ አድርገው እጄን ያዙና ገልብጠው አዩት።

"ይንቀጠቀጣል?" አሉኝ።

"ስናደድ ብቻ።"

"እንግዲያው አትናደጂ" ብለው ቀጠሩኝ። ሳልናደድ የዋልኩበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም።

ያ ዘመን የትከሻ ስፖንጅ ዘመን ነበር። ቀይ ጃኬት ነበረኝ፤ ትከሻው ከመስፋቱ የተነሳ የባርት ባቡር በር ሲከፈት በጎኔ ልግባ ወይ ያሰኘኝ ነበር። ጸጉራችንን በኬሚካል አጥመልምለን፣ ዘይት ቀብተን፣ የአውቶቡስ መስኮት ላይ የራሳችንን ማኅተም ትተን እንወርዳለን። ዘፈን ማለት በሱዳን በኩል የመጡ ልጆች በሻንጣ ይዘውት የገቡት ካሴት ነው። እሱ ከእጅ እጅ እየተገለበጠ እኔ ጋ ሲደርስ ከዘፋኙ ድምፅ ይልቅ ዝናብ የሚመስል ሹክሹክታ ይበዛበት ነበር፤ ቢሆንም እየሰማን እናለቅሳለን። ረቡዕና ዓርብ ስጾም መጀመሪያ ላይ ድንች ጥብስ በኬቻፕ ነበር ዕጣዬ። ቻይናታውን አዳነኝ። ጥጉ ላይ ያለችው ምግብ ቤት ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ቶፉ ከባቄላ ቡቃያ ጋር ጢም አድርጋ በሁለት ዶላር ከምናምን ትሰጣለች፤ ዛሬ በሁለት ዶላር ሹካውንም አይሰጧችሁም። ሚስተር ዎንግም በጨረቃ ወራቸው መባቻና እኩሌታ ላይ ሥጋ አይቀምሱም ነበር። "እኔ አማኝ አይደለሁም፤ አማኟ እናቴ ነበረች። የምጾመው ለእሷ ነው" ይላሉ። የሁለታችን ጾም የገጠመ ቀን አንድ ሳህን ቶፉ መሃላችን አድርገን እየበላን ስለ ብረት እናወራለን።

ዝፍቱም እዚያ ነው። ስስ የብር ገበታ ላይ ምስል ለማውጣት ብሩ የቀለጠ ዝፍት በሞላበት ጎድጓዳ ሳህን ላይ ይጋደማል። ዝፍቱ ሲቀዘቅዝ ከሥር ይደግፈዋል። በትንሽ መዶሻና ጫፉ በተሞረደ ብረት ሲመቱት ጎንበስ ይልላችኋል እንጂ አይበሳም። የጥንት ቻይና አንጥረኞች ከሺህ ዓመት በፊት እንዲህ ይሠሩ እንደነበር ያስተማሩኝ ሚስተር ዎንግ ናቸው። ወርቅ አለባበጣቸው ደግሞ የጨከነ ነው። ወርቁን በባዚቃ፣ ሜርኩሪ በምንለው፣ እንደ ቅቤ እስኪለሰልስ ያሟሙትና ነሐሱን ይቀቡታል፤ ከዚያ በእሳት ባዚቃውን ያተኑታል። ወርቁ ይቀራል፣ ጢሱ ግን ወደ ሠሪው ሳንባ ይገባል። ኬሚስትሪ የተማርኩ ሰው ነኝና ያ ጢስ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ሙዚየም ውስጥ የሚያብረቀርቅ ነገር ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የሚታየኝ የዚያ ሰውዬ ሳል ነው።

እንግዲህ አንድ ቀን ሚስተር ሃሊዴይ መጣ። የሳን ሆዜ ሰው ነው፤ በቺፕ ሀብታም የሆነ፣ የብር ሰዓት ያሰረ፣ ክራቫት ያደረገ፣ ሲናገር ከእናንተ አልፎ ግድግዳውን የሚያይ ዓይነት። የሱቃችን ግማሽ ገቢ የእሱ ዕቃ ነበር። ያን ቀን በጥጥ በተሞላ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ያመጣው ነገር የቡድሃ ዐፅም ማኖሪያ ነበር።

ምን እንደሆነ ለማታውቁ እኔ እንደተነገረኝ ልንገራችሁ። ቡድሃ ሲሞት አስከሬኑ ተቃጥሎ የቀረው ዐፅም ለነገሥታት ተከፋፈለ ይባላል። እምነቱ ቻይና ሲገባ ዐፅሙም አብሮ ገባ፤ ረጃጅም ግንብ ተሠራለት፣ ከግንቡ ሥርም ተቀበረ። ግን እንዲያው አይቀበርም። ከውጭ የድንጋይ ሣጥን ነው፤ በድንጋዩ ውስጥ ነሐስ፣ በነሐሱ ውስጥ ብር፣ በብሩ ውስጥ ወርቅ፣ በወርቁ ውስጥ አንዳንዴ የመስታወት ብልቃጥ አለ፤ መስታወት በዚያ ዘመን ብርቅ ነበር። ወደ ውስጥ በገባችሁ ቁጥር እያነሰና እየከበረ ይሄዳል። ቀድሞ ማሰሮና ሣጥን ብቻ ነበር የሚሠሩት። በኋላ በታንግ ነገሥታት ዘመን አንጥረኞቹ ነገሩን ወደ ራሳቸው ወግ አመጡትና እናት አባታቸውን በሚቀብሩበት የሬሣ ሣጥን አምሳል ይሠሩት ጀመር። ሚስተር ዎንግ ቶፉ እያላመጡ "ከውጭ የመጣ እንግዳ ነበር፤ እንደ ቤተሰብ ቀበሩት" አሉኝ። ይህን ሲሉ ሹካዬን አስቀመጥኩ። ስደተኛ ነኝና ገባኝ።

ሃሊዴይ ካመጣቸው፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ ከሚገቡት ሣጥኖች፣ የውስጠኛዋ ናት የኔ ጉዳይ። የወርቅ ሣጥን ናት፤ መዳፌ ላይ ሳስቀምጣት ጣቶቼን አታልፍም። አንዱ ጫፏ ከፍና ሰፋ ያለ፣ ሌላው ዝቅና ጠበብ ያለ፣ ክዳኗ ጎበጥ ያለ። በሰፊው በኩል የተዘጋ በር ተቀርጾባታል፤ በሩ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታክል ጓጉንቸር አለች፤ ግራና ቀኙን ሁለት ዘቦች ቆመዋል። በጎኗ መነኮሳት ያለቅሳሉ። አንደኛው ደረቱን ይደቃል፤ ልክ እኛ አገር ለቅሶ ቤት እንደሚደቃው። በምስሎቹ መካከል የቀረው ባዶ ቦታ በሙሉ በጥቃቅን ክቦች ተሞልቷል። እያንዳንዷ ክብ ጫፉ በተቦረቦረ ብረት አንድ ጊዜ ተመትታ የወጣች ናት፤ ከሩቅ ሲያዩት የዓሣ ዕንቁላል የፈሰሰበት ይመስላል። አንዳንዷ ክብ ጠማማ ናት፤ ሰውዬው ደክሞት ይሆናል። ስገለብጣት ከሥሯም እንደዚያው ተቀርጻለች። ከመሬት በታች ለሚቀበር ነገር፣ ለዚያውም ለማይታይ ግርጌው! አቤት እንዴት እንደወደድኩት ያንን ሰው።

ክዳኗ አልተበየደም፤ ጓጉንቸሯም ለወግ ናት። የተዘጋችው የክዳኑ ጠርዝ በሣጥኗ ከንፈር ላይ ዙሪያውን ታጥፎ፣ በለስላሳ ድንጋይ ታሽቶ ተኝቶላት ነው። ንጹሕ ወርቅ ለስላሳ ነው፤ ካሹት እንደ ሊጥ ይተኛል። አንደኛዋ ጥግ ላይ ግን የሆነ ዘመን የሆነ ነገር መትቷት ጠርዙ ተነስቶ ነበር። ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ። ሥራችን ያቺን ጥግ መመለስ ነበር፤ ሚስተር ሃሊዴይም መጀመሪያ ያዘዘው እሱን ነው።

በዚያው ሰሞን ቻይና ውስጥ ከወደቀ ግንብ ሥር እንዲህ ያሉ ሣጥኖች ከነሙሉ ክብራቸው ተገኙ የሚል ወሬ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሃሊዴይ ጋዜጣውን ይዞ እየተጣደፈ መጣ። "አትጠግኑት፣ ክፈቱት" አለ። "መንገዱ ተጀምሯል፤ ከዚያ ጥግ ተነስታችሁ ጠርዙን ዙሪያውን ማንሳት ነው። ውስጧ የሆነ ነገር ከተገኘ ዋጋዋ ሰማይ ይነካል።" ሰኞ እንደሚመጣና ተከፍታ ሊያያት እንደሚፈልግ ተናግሮ ሄደ።

ለእጄ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ሚስተር ዎንግ ቀጭኗን ማንሻ አምጥተው ፊቴ አስቀመጡ። እኔ ገፋ አደረግኳት።

"አልከፍትም" አልኳቸው።

"ሃይማኖትሽ ነው?"

"የኔ ሃይማኖት አይደለም።"

"ታዲያ ምንድነው?"

"አላውቅም። ግን አልከፍትም።"

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉት። ሲከፋቸው የሚያደርጉት ነው። "ሰናይት፣ ዕቃው የእሱ ነው። ኪራዩም በእሱ ነው የሚከፈለው። አንቺ ካልከፈትሽ ሰኞ ጠዋት እኔ እከፍታለሁ። ከኔ እጅ ይልቅ ያንቺ ይሻላታል፤ የኔ አርጅቷል" አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ለዚህ ነው የበለጠ የተናደድኩት። እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሣጥኗን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኜ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ለአልማዝ ደወልኩላት። አልማዝ ሬድውድ ሲቲ የምትሠራ፣ ሳን ሆዜ የምትኖር፣ በመካከል ያለውን ሁሉ የምታውቅ ጓደኛዬ ናት። አንጀቴ እርር ብሎ ስለነበር እንዲህ አልኳት፤ "አንዲት የከበረች ነገር ሱቃችን አለች። እንደ ታቦት ናት፣ ተሸፍና የኖረች፣ ሰው ሊያያት የማይገባ። ፈረንጁ ሊከፍታት ነው።" አልማዝ "ኧረ በስመአብ!" ብላ ስልኩን ዘጋችው። ለምን እንደቸኮለች አልገባኝም ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ ነው። ሱቁን ከፍቼ ገና የሥራ ልብሴን ሳልለብስ ከውጭ እልልታ ሰማሁ። ወጣሁ። መንገዱ ነጭ በነጭ ሆኗል። ከሳን ሆዜ፣ ከዩኒየን ሲቲ፣ ከኦክላንድም ራሱ ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች፣ ጋቢ የለበሱ ወንዶች፣ አንድ ከበሮ። ባለዘርፍ ጃንጥላ ስላልተገኘ አንዱ ትልቅ የጎልፍ ጃንጥላ ዘርግቷል፤ ላዩ ላይ የሆነ ባንክ ማስታወቂያ አለበት። ሁሉም ጫማቸውን አውልቀው ከዳክዬ ቤቱ እስከ ቪዲዮ ቤቱ ደርድረውታል። ዳክዬ ሻጩ ቢላውን እንደያዘ በሩ ላይ ፈዝዞ ቀርቷል። ገበያ የወጡ ቻይናውያን አሮጊቶች ደግሞ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ቆም ብለው እጃቸውን አጣምረዋል። ዲያቆን መስፍን በሥራ ቀን ታክሲ ይነዳል፣ እሁድ ያገለግላል። ከሁሉም ፊት ቆሞ ነበር።

"እህት ሰናይት፣ የት ነው ያለው?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ምኑ?"

"ታቦቱ ነዋ! ተዘርፎ የመጣው። ፖሊስ ኮል ሳናደርግ በሰላም ስጡን ልንላቸው ነው።"

አልማዝን ፈለግኳት። ከኋላ ሆና ዓይኗ እንባ አቅርሮ በኩራት ታየኛለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን ምን ልዋሽ?

"የኛ አይደለም" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። "የቻይና ነው፤ የቡድሃ ዐፅም አለባት የምትባል ሣጥን ናት። አልማዝን እንደ ታቦት ናት አልኳት እንጂ ታቦት ናት አላልኳትም።"

ከበሮው ቆመ።

"ታቦትን ከጣዖት ጋር አነጻጸርሽ?" አለ ዲያቆን መስፍን።

"ተሸፍና የኖረች ናት፣ የሚያከብሯትም ሰዎች ነበሯት ነው ያልኩት። አሁንም የምለው ያንኑ ነው።"

"ንስሐ ግቢ።"

"ለሌላው ኃጢአቴ እገባለሁ። ለዚህ አልገባም።"

ከዚያ የሆነውን አታንሱት። አንዱ "ዴይ ኦፍ ወስጄ!" ይላል፣ ሌላዋ "ፓርኪንግ ከፍዬ!" ትላለች፣ ሰው እየተሳደበ የሰው ጫማ ያደርጋል። አልማዝ መጥታ "ሳን ሆዜ ሙሉ ሰው ፊት አዋረድሽኝ" አለችኝ፤ ስንት ክረምት ሳታነጋግረኝ ቆየች። ሚስተር ዎንግ ወጥተው ዳክዬ ሻጩን ይቅርታ ጠየቁና፣ እኔን ሳያዩኝ፣ ራሳቸውን ሊያረጋጉ ሻይ ቤት ገቡ።

ሁሉም ሲበተን እትዬ አስካለ ብቻ ቀሩ። ዳውንታውን ኦክላንድ ሆቴል የሚያጸዱ፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው፤ ያመጣቸው መኪና በንዴት ረስቷቸው ሄዷል። እያጉረመረሙ ገብተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

"ወይ ጉድ! በዚህ ጉልበቴ ለቡድሃ ጫማዬን አስወለቅሽኝ?" አሉኝ። "በይ አሳይኝ፤ ከመጣሁ አይቀር።"

ጨርቁን ገለጥኩላቸው። ጎንበስ ብለው አዩዋት፤ እጃቸውን ግን ወደ ኋላ አድርገው ነበር።

"ይቺ ሚጢጢዬ? ይሄ ደረቱን የሚደቃው ማነው?"

"መነኩሴ ነው፤ መምህራቸው ሞቶባቸው ነው።"

"እና ሬሣ ነው የሚከፍቱት?" ፊታቸው ተለወጠ። "የሰው ሬሣ? ለምን?"

"ውስጧ ያለውን ሊያዩ።"

"ካዩትስ በኋላ?"

"ይሸጧታል።"

"አንቺስ?"

"አልከፍትም ብያለሁ።"

"ብያለሁ! ብለሽ ቁጭ! ሰኞ ሲከፍቱት አልጋሽ ላይ ተኝተሽ 'እኔ የለሁበትም' ልትዪ ነው? እንዲህማ እኔም እችላለሁ።"

ደሜ ፈላ። እውነታቸውን ስለነበር ፈላ። እጄን ዘርግቼ አየሁት፤ አይንቀጠቀጥም። ተናድጄ ያልተንቀጠቀጠው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሣጥኗን በአሸዋ በተሞላው የቆዳ ትራስ ላይ አስቀመጥኳትና ስንጥቋን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፣ ከእኔም ከእትዬ አስካለም። መብራቱ አጠገቤ ነው፤ ትንሽ ዘንበል ባደርጋት ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ዓይኔም ይከተላል። አላደረግኩትም። ጫፏ የተወለወለ ድንጋይ የሆነችውን ማሻ አነሳሁና በጣቴ ብቻ እየፈለግኩ የተነሳውን ጠርዝ ማስተኛት ጀመርኩ። እሳት አልነካትም፣ ብየዳ አልነካትም፤ ጥንት የተዘጋችበት መንገድ ራሱ ነው። መጀመሪያ ወርቁ እምቢ አለኝ። ለዘመናት ተነስቶ የኖረ ነገር በቀላሉ አይተኛም። በቀስታ፣ ከጎን ወደ ጥግ፣ እየመለስኩ አሸሁት። ጥጓ ስትተኛ ሌላውንም ዞርኩ፤ ከዳር እስከ ዳር ለማንሻ የሚሆን ክፍተት አንድም እንዳይቀር አድርጌ አጠበቅኩት። እትዬ አስካለ የሆነ ጸሎት ያነበንባሉ፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ስጨርስ አውራ ጣቴን ዙሪያውን ብሄድበት ጥፍሬ የትም አልያዝ አለ። እንዴት ደስ አለኝ! እስከ ዛሬ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ልጄን ስወልድ እንኳን ደክሞኝ ነበር።

ሚስተር ዎንግ ተመልሰው ገቡ። እኔን አዩኝ፣ ድንጋዩን አዩ፣ ሣጥኗን አነሱ። እሳቸውም አውራ ጣታቸውን በጠርዟ ላይ አዞሩ፤ አንድ ጊዜ፣ ደግሞ ቀስ ብለው እንደገና። ከእንግዲህ ማንም ሰው ወርቁን ሳይቆርጥ እንደማይከፍታት ገብቷቸዋል። ከተቆረጠች ደግሞ ዋጋዋ እንደሚወድቅ ሃሊዴይም ያውቃል።

"ጥሩ ሥራ ነው" አሉኝ በመጨረሻ። መነጽራቸውን አወለቁ። "ሰኞ አትምጪ።"

"እሺ" አልኩ። ቀይ ጃኬቴን ለበስኩ፣ እትዬ አስካለን ደግፌ ወጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ አለቀስኩ፤ በንዴት ነው እንጂ በጸጸት አይደለም። እትዬ አስካለ ከቦርሳቸው ብስኩት አውጥተው ሰጡኝና "ብዪ፣ ሥራ ሞልቷል" አሉኝ። ሥራ አልሞላም ነበር። እስከ ገና ድረስ ሰው ቤት ልጅ ጠበቅኩ፤ ኬሚስት ነኝ እያልኩ ዳይፐር ለወጥኩ፤ ከዚያ ሳን ሆዜ ወደ ሌላ የቺፕ ፋብሪካ ገባሁና ጡረታ እስክወጣ እዚያው ኖርኩ። ሃሊዴይ ሣጥኗን ሱቅ ለሱቅ ይዞ ዞረ አሉ፤ ሁሉም "መቁረጥ ነው" አሉት፤ እሱም ለገንዘቡ ሲል ተዋት። ከሚስተር ዎንግ ጋር ዓመታት አልፈው አትክልት ገበያ ተገናኘን። እጄን እንደ መጀመሪያው ቀን ገልብጠው አዩትና ቶፉ ገዝተውልኝ ሄዱ።

ሃሊዴይ ሲሞት ልጆቹ ዕቃውን ለሙዚየም ሰጡ። ይህን የነገረችኝ ሣራ ናት፤ ኢንተርኔት ላይ አግኝታ። የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም ይዛኝ ሄደች። ድንጋዩ፣ ነሐሱ፣ ብሩ በተራ ተደርድረው፣ በመጨረሻ እሷ በመስታወት ውስጥ ብርሃን በርቶባት ተቀምጣለች። ከሥሯ በተጻፈው ላይ ዘመኗ፣ አሠራሯ፣ ከዚያም "ውስጧ ያለው አይታወቅም" ይላል። አንዲት ወጣት አስጎብኚ ለሰዎች ታስረዳ ነበር። የዓሣ ዕንቁላሉን፣ ዘቦቹን፣ ሁሉንም አሳምራ ተናገረች። ከዚያ ፊቷን አሳዝና "እንዳለመታደል ሆኖ ቀደም ባለ ጊዜ አንድ ጠጋኝ ጠርዟን አጥብቆ ዘግቶታል። ሳንቆርጣት አትከፈትም፤ ኤክስሬይም ወርቁ አላሳልፍ ብሎታል" አለች።

እጄን አነሳሁ።

"ማም፣ ፕሊዝ፣ ዶንት" አለች ሣራ ክንዴን ይዛ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "የዘጋኋት እኔ ነኝ።"

ሰዎቹ ዞር ብለው አዩኝ፤ አንዱ ፈገግ አለ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ቀረብ አለችና እጄን አየች።

"እንድትዘጊያት ታዘሽ ነው?"

"ክፈቺ ነበር የተባልኩት።"

"ስንጥቁ ግን ነበር። ከመዝጋትሽ በፊት ትንሽ እንኳን አላየሽም?"

"አላየሁም።"

"ባዶ ብትሆንስ?" አለችኝ፤ ለማናደድ አልነበረም፣ ከልቧ ነው የጠየቀችኝ።

"ባዶም ብትሆን አንድ ሰው በእጁ ዘግቷታል" አልኳት። "መጀመሪያ እሱ ዘጋት፣ ቀጥሎ እኔ። እናንተም እንዳትነኳት።"